ዳልተኖች ማርሻል ነበሩ ወይስ ወንበዴ?

ጥያቄ፦ ስለ ምዕራብ አሜሪካ የተሠሩ ፊልሞችን ስመለከት ሕግ አስከባሪውና ወንበዴው ምን ጊዜም ሁለት የማይገናኙ ሰዎች ናቸው። በቅርቡ ግን አንድ ወዳጄ፣ የዳልተን ወንድማማቾች ባንክ ዘራፊ ከመሆናቸው በፊት ራሳቸው ሕግ አስከባሪዎች ነበሩ ሲል ተከራከረኝ። እውነት ነውን? ከሆነስ እንዴት ሊሆን ቻለ?
አንባቢያችሁ፣ ከደሴ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ወዳጅዎ አልተሳሳቱም። ታላቅ ወንድማቸው ፍራንክ ዳልተን የፌዴራሉ መንግሥት ምክትል ማርሻል የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1887 ተፈላጊዎችን ለመያዝ በሄደበት ተገድሏል። ከእርሱ በኋላ ግራት፣ ቦብና ታናሻቸው ኤሜት በተለያየ ደረጃ በዚያው ሥራ ተሰማርተው ነበር።

በመጀመሪያ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ሸሪፍ የአውራጃው ሕዝብ የሚመርጠው፣ የከተማ ማርሻል ከተማው የሚቀጥረው፣ የፌዴራል ማርሻል ደግሞ ፕሬዚዳንቱ የሚሾመው ባለሥልጣን ነው። ዳልተኖች የሠሩት በዚህ በሦስተኛው ሥር፣ በዛሬዋ ኦክላሆማ ይገኝ በነበረው ‹ኢንዲያን ቴሪቶሪ› (ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦች በተከለለው ምድር) ውስጥ ነው። በዚያ ምድር የነባሮቹ ሕዝቦች ፍርድ ቤቶች በነጮች ላይ የመፍረድ ሥልጣን ስላልነበራቸው ከየአቅጣጫው የሸሸ ወንጀለኛ ይሰበሰብበት ነበር፤ ወንጀለኛውን የማደኑ ሸክምም በአመዛኙ የወደቀው በአርካንሳስ ፎርት ስሚዝ በሚያስችሉት በዳኛ አይዛክ ፓርከር ምክትል ማርሻሎች ላይ ነው።

እነዚህ ምክትሎች ወርኃዊ ደመወዝ አልነበራቸውም። የሚከፈላቸው በሥራቸው ልክ ነበር፤ ተፈላጊውን ፍለጋ ለተጓዙበት ለእያንዳንዱ ማይል 6 የአሜሪካ ሳንቲም፣ ለአንድ እስር 2 ዶላር ገደማ ያገኙና ከዚሁ ላይ ዋናው ማርሻል ድርሻውን ይቆርጥ ነበር። ተፈላጊው ተኩስ ከፍቶ ቢገደል የእስሩ ክፍያ ይቀራል፤ ይባስ ብሎ የቀብሩን ወጪ ገዳዩ ምክትል ከኪሱ የሚሸፍንበት ጊዜ ነበር። ዳልተኖችም የሠራንበት አልተከፈለንም እያሉ ያማርሩ ነበር። ቅሬታው መሠረት ቢኖረውም፣ በእኔ እምነት ሙሉ ምክንያት ሊሆን አይችልም። በባርነት የተወለደውና ማንበብና መጻፍ የማይችለው ባስ ሪቭስ በዚያው ምድር፣ በዚያው የክፍያ ሥርዓት፣ የእስር ትእዛዞቹን በቃሉ እያጠና እ.ኤ.አ. ከ1875 እስከ 1907 አገልግሏል፤ የገዛ ልጁ ሚስቱን በመግደል በተከሰሰ ጊዜም ይዞ ለፍርድ ያቀረበው እርሱ ራሱ ነው። ዳልተኖች ግን ገና ባጃቸውን ሳያወልቁ በዚያ ምድር በተከለከለው የአስካሪ መጠጥ ንግድ፣ ቀጥሎም በፈረስ ስርቆት ተጠረጠሩ። ከዚያ ወደ ባቡር ዘረፋ መሻገር ሩቅ አልነበረም። (ለነዚህ ሰዎች ‹ሽፍታ› የሚለውን ቃል ያልተጠቀምኩት፣ በእኛ ቋንቋ ሽፍትነት በገዥ ላይ ማመፅንም ስለሚጨምር ነው፤ እነርሱ ያመፁበት ገዥ አልነበረም።)

ፍጻሜያቸው የመጣው ጥቅምት 5 ቀን 1892 እ.ኤ.አ. በካንሳስ ኮፊቪል ከተማ ነው። ሁለት ባንኮችን በአንድ ጊዜ ለመዝረፍ አምስት ሆነው ገቡ፤ ይሁንና ቀድሞ የኖሩበት አካባቢ ስለነበር የለጠፉት ሰው ሠራሽ ጢም ከመታወቅ አላዳናቸውም። መንገዱ በመጠገን ላይ ስለነበር በባንኮቹ ፊት ለፊት የነበረው የፈረስ ማሰሪያ ተነሥቶ ስለጠበቃቸው፣ ፈረሶቻቸውን ራቅ ካለ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ለማሰር ተገደዱ። በአንደኛው ባንክ አንድ ሠራተኛ ካዝናው የሚከፈትበት ሰዓት ገና አልደረሰም ብሎ ዋሻቸውና ግራት አምኖ ቆመ፤ ካዝናው ግን ሊከፈት ይችል ነበር። በእነዚያ ደቂቃዎች የከተማው ሰዎች ከብረታ ብረት መደብሮች ጠመንጃ አነሡ። ሩብ ሰዓት ገደማ በፈጀው ተኩስ የከተማውን ማርሻል ቻርልስ ኮኔሊን ጨምሮ አራት የከተማው ሰዎች፣ ከወንበዴዎቹም አራቱ ሞቱ። ከሃያ በላይ ቁስል የደረሰበት ኤሜት ብቻ ተረፈ፤ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት ከ14 ዓመታት እስር በኋላ ምሕረት አግኝቶ ወጣ፤ በካሊፎርኒያም እስከ 1937 ኖረ።

ቦብና ግራት የተቀበሩት በዚያው በኮፊቪል ነው። መቃብራቸው ለረጅም ጊዜ ሐውልት ሳይቆምለት፣ ፈረሶቻቸው ታስረውበት በነበረው የብረት ቧንቧ ብቻ ይታወቅ ነበር። በሥራ ላይ የሞተው ምክትል ማርሻል ፍራንክም ያረፈው በዚያው መካነ መቃብር ውስጥ ነው።