400 ሞክ ይዘሽ 300 ቢን አትገልብጪ

ሰላም እህቴ፣ ከጋላክሲ ሰርቬይ ፓወር ስፔክትረም (ጋላክሲዎች በየርቀት ልኩ ምን ያህል እንደሚሰባሰቡ የሚያሳየውን) ለክተሽ 300 ቢን (ልኬቱ የተከፋፈለባቸው ቁጥሮች) አለሽ፣ ኮቫሪያንሱን (የቢኖቹ ስህተት ስንት እንደሆነና እርስ በርስ እንዴት እንደሚያያዝ የሚያሳየውን ማትሪክስ) ከ400 ሞክ (በኮምፒውተር የተሰራ የውሸት ሰርቬይ) ሰርተሽ ስትገለብጪው ቺ-ስኩዌሩ (ሞዴሉ ከዳታው የራቀበት ልክ) ከሚጠበቀው 4 እጥፍ እየሆነ አስቸግሮሻል፣ ኮዱን ፈትሼ ምንም አጣሁ ነው ያልሽው።

ኮድሽ ደህና ይመስለኛል። ማትሪክሱ በአማካይ ትክክል ነው፣ ችግሩ ሲገለበጥ ነው፣ ሞኮቹ ለ300 ቢን ጥቂት በመሆናቸው በሚገባው ኖይዝ ምክንያት ትንንሾቹ አይገንቫልዩዎች (የእያንዳንዱን የቢን ጥምረት ቫሪያንስ የሚነግሩት የማትሪክሱ ቁጥሮች) ከልካቸው በታች ስለሚወርዱ ኢንቨርሱ (የተገለበጠው ማትሪክስ) ላይ ይገዝፋሉ። ሃርትላፕ እና ሁለት ባልደረቦቹ በ2007 ያወጡት ማረሚያ አለ፣ ከሞኩ ብዛት የቢኑን ብዛትና 2 ትቀንሺና ለሞኩ ብዛት ሲቀነስ 1 ታካፍያለሽ፣ ኢንቨርሱን በዚህ ታባዢዋለሽ፣ ባንቺ 98 ለ399 ማለት 0.25 ገደማ፣ 4 እጥፉ የመጣው ከዚህ ነው።

ግን በቃ አባዛሁት ብለሽ እንዳትተይው! ማባዣው ያዘነበለውን ነው የሚያቃናው፣ ኖይዙ እዛው አለ። 6 ፓራሜትር የምትፈልጊ ከሆነ የውጤትሽ ቫሪያንስ ወደ 4 እጥፍ ገደማ ይሰፋል፣ ኤረር ባርሽ 2 እጥፍ ሆነ ማለት ነው፣ ያ ሁሉ ሌሊት ቴሌስኮፕ ላይ የተለፋበት ዳታ በሞክ እጥረት ሲባክን በጣም ያሳዝናል።

ስለዚህ ቢኑን ቀንሺ። 40 ብታደርሺው የኤረር ባሩ ጭማሪ 5 ከመቶ አካባቢ ነው። ከዛም የሚሻለው በ2000 የወጣው ሞፔድ የሚባለው ዳታ ማጨመቂያ ዘዴ ነው፣ ለእያንዳንዱ ፓራሜትር አንድ ቁጥር ብቻ ይቀርሻል፣ 300ው 6 ይሆናል፣ ማባዣውም 392 ለ399 ስለሚሆን ከ1 ብዙ አይርቅም። እዚህ ጋ ተጠንቀቂ፣ ቢኖቹን አባዝተሽ የምትደምሪባቸውን ክብደቶች በነዚሁ 400 ሞኮች ኮቫሪያንስ ከሰራሻቸው ኖይዙ በጓሮ ይመለሳል፣ በቀመር የሚሰላውን ጋውሲያን ኮቫሪያንስ ተጠቀሚ፣ እሱ ትንሽ ቢሳሳት እንኳን የተወሰነ መረጃ ታጪያለሽ እንጂ መልስሽ አያዘነብልም ምክንያቱም የ6ቱን ቁጥሮች ኮቫሪያንስ መጨረሻ ላይ የምትለኪው ከሞኮቹ ነው።

300ውን የግድ ማቆየት ካለብሽ የቀመሩን ማትሪክስ ከሞኩ ጋር አደባልቂ፣ ሽሪንኬጅ የሚባለው ማለት ነው። ትንንሾቹን አይገንቫልዩዎች ቆርጠሽ ጣይ የሚልሽ አይጠፋም፣ እኔ አልመክርሽም፣ ኖይዛቸው ትንሽ የሆነ በደንብ የተለኩ ጥምረቶች እኮ ያሉት እዛ ነው።

የመረጥሽውን ዳታው ላይ ከመሞከርሽ በፊት ኮቫሪያንሱ ውስጥ ያላስገባሻቸውን የተወሰኑ ሞኮች እንደ ዳታ አድርገሽ ሞዴልሽን አስማሚባቸው፣ የፓራሜትሮቹ መበተን ከኤረር ባርሽ ጋር ካልገጠመ ገና ነው።