ስክሪኑ ሲጠፋ የማይጠራ፣ በአንድ ወገን ብቻ የሚሰማ የመጋዘን ሃንድሄልድ

ጥያቄ፦ «መጋዘናችን ውስጥ 20 ዜብራ ቲሲ52 (ባርኮድ የሚያነቡ፣ ስልክ የሚመስሉ የእጅ መሣሪያዎች፣ ማለትም ሃንድሄልዶች) አሉ። ባርኮድ ከማንበብ አልፈው እንድንደዋወልባቸው የሲፕ አፕ (በኔትወርክ የሚደውል አፕ) ጭነን እዚሁ ካለው አስተሪስክ (የስልክ ማዕከል ሰርቨር) ጋር አገናኘናቸው። ስክሪኑ ጠፍቶ ትንሽ ከቆየ ጥሪ አይገባም። ከቅርንጫፍ ሲደወል እኛ እንሰማቸዋለን፣ እነሱ ግን አይሰሙንም። በመደርደሪያ መሀል እየሄድን ስናወራ ደግሞ ይቋረጣል። ኢንተርኔቱን እናሳድግ ወይስ መሣሪያውን እንቀይር?»

መልስ፦ ሁለቱንም አያድርጉ። የጻፉልን ሦስት የተለያየ ችግር ነው። ኢንተርኔቱን በተመለከተ፣ በጂ.711 ኮዴክ (ድምፁን ወደ ዲጂታል በሚቀይር ዘዴ) የሚደረግ አንድ ጥሪ በየአቅጣጫው የሚወስደው በሰከንድ 87 ኪሎቢት ገደማ ነው። አሥር ሰው በአንዴ ቢያወራ እንኳ አንድ ሜጋቢት አይሞላም። መሣሪያውም ጆሮ ላይ ተይዞ ሊወራበት የተሠራ ነው፤ ምንም አልጎደለውም።

ከድምፁ እንጀምር። ሲፕ የሚያደርገው ጥሪውን ማስተዋወቅ ብቻ ነው፤ ድምፁ አርቲፒ በሚባል ሌላ መንገድ ይሄዳል። የቅርንጫፉ ስልክ ጥሪ ሲከፍት «ድምፅ በዚህ አድራሻ ላኩልኝ» ብሎ የሚሰጠው የራሱን የውስጥ አይፒ ነው፣ ለምሳሌ 192.168.1.40። ይህ አድራሻ ከቅርንጫፉ ራውተር ውጭ የለም። አስተሪስኩ የእናንተን ድምፅ ወደዚያ ሲልክ መንገድ ላይ ይቀራል። የእነሱ ድምፅ ግን ወደ እናንተ እውነተኛ የውጭ አድራሻ ስለሚመጣ ይሰማል። (ነገሩ ተገላቢጦሽ ቢሆን፣ ማለትም እነሱ ሰምተው እናንተ ባትሰሙ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ በእናንተ በኩል ነው፤ አስተሪስኩ የውጭ አይፒው አልተነገረውም ማለት ነው።) ለማረጋገጥ በአስተሪስክ ኮንሶል የአርቲፒ ዲበግ (መከታተያ) ይክፈቱና ድምፁ ወደየትኛው አድራሻ እንደሚላክ ይዩ።

መፍትሔው በፒጄሲፕ (በአስተሪስኩ የሲፕ ክፍል) በቅርንጫፉ ኢንድፖይንት (የስልኩ መመዝገቢያ) ላይ አርቲፒ ሲሜትሪክ፣ ፎርስ አርፖርት እና ሪራይት ኮንታክት የሚባሉትን «የስ»፣ ዳይሬክት ሚዲያን «ኖ» ማድረግ ነው። ያኔ አስተሪስኩ የተነገረውን አድራሻ ትቶ ድምፁ ወደመጣበት አድራሻ ይመልሳል። በሁለቱም ራውተሮች ላይ ሲፕ ኤኤልጂ የሚባለውን፣ በሲፕ መልእክት ውስጥ ያለውን አድራሻ የሚቀይረውን ያጥፉ፤ ሊረዳ ተብሎ የተሠራ ነው፣ ግን ከሚያቀናው የሚያበላሸው ይበዛል። የሚነሣ ጥሪ ሁልጊዜ 32 ሰከንድ ገደማ ላይ ከተቋረጠም ዋይፋዩን አይጠርጥሩ። ጥሪው መነሣቱን የሚያረጋግጠው መልእክት ሳይደርስ ቀርቶ ሲፕ ራሱ ጥሪውን ዘግቶታል፤ መነሻው ያው የአድራሻ ችግር ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ግን ሁለቱን ቢሮዎች በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የግል መስመር) ማገናኘት ነው። ሲፕ የሚገባበትን ፖርት 5060ን ለዓለም ከፍቶ መተው የይለፍ ቃል እየገመቱ በሰው ሒሳብ ውጭ አገር የሚደውሉ ሌቦችን መጋበዝ ነው። ቪፒኤኑን ሲዘረጉ ሁለት ነገር አይርሱ። ሁለቱም ቢሮ በ192.168.1 የሚጀምር አድራሻ ላይ ከሆኑ አንዱን ይቀይሩ። የቅርንጫፉን ኔትወርክም በአስተሪስኩ ሎካል ኔት (የውስጥ ኔትወርኮች) ዝርዝር ያስገቡ፤ ካልሆነ አስተሪስኩ የውጭ አይፒውን መስጠቱን ይቀጥልና ድምፁ እንደገና ይጠፋል።

ስክሪኑ ሲጠፋ የማይጠራው አንድሮይድ ባትሪ ለመቆጠብ የአፑን ኔትወርክ ስለሚዘጋ ነው፤ ዶዝ ይባላል፣ ከአንድሮይድ 6 ጀምሮ አለ። መፈተኛው ቀላል ነው፦ መሣሪያው ቻርጀር ላይ ተቀምጦ በደንብ እየጠራ ከተነቀለ በኋላ የሚደነቁር ከሆነ ጥፋቱ ዶዝ ነው፤ ቻርጅ እያደረገ ዶዝ አይሠራምና። በሴቲንግ ውስጥ አፑን ከባትሪ ማመቻቸት ዝርዝር ያውጡ፣ በጀርባ እንዲሠራም ይፍቀዱለት። ሃያውን በእጅ ከመነካካት በስቴጅናው (በዜብራ የማዋቀሪያ ፕሮግራም) አንድ ፕሮፋይል አዘጋጅቶ ባርኮዱን ማስነበብ ይቀላል። አፑም ሰርቨሩም ፑሽ (ጥሪ ሲመጣ ብቻ አፑን የሚቀሰቅስ መልእክት) የሚችሉ ከሆነ እሱን ይምረጡ፤ ባትሪው ፈረቃውን ሙሉ እንዲዘልቅ ይረዳል። በቅርንጫፉ በኩል ሌላ ምክንያት ይጨመራል፦ ብዙ ራውተር ዝም ያለ የዩዲፒ (ጥሪው የሚጓዝበት ዘዴ) መስመርን በ30 ሰከንድ ውስጥ ይዘጋል፤ ስለዚህ ኪፕ አላይቩን (መስመሩ እንዳይዘጋ በየጊዜው የሚላከውን ትንሽ መልእክት) 20 ሰከንድ ያድርጉት።

እየሄዱ መቋረጡ የዋይፋይ ነው። መጀመሪያ የሚመረመረው አክሰስ ፖይንቶቹ (ዋይፋይ የሚያሠራጩት ሣጥኖች) እያንዳንዳቸው አይፒ የሚያድሉ የቤት ራውተሮች እንዳይሆኑ ነው። ስማቸውና የይለፍ ቃላቸው አንድ ቢሆንም ከአንዱ ወደ ሌላው ሲታለፍ አይፒው ይቀየራል፣ ጥሪውም ይሞታል። ዲኤችሲፒ (አይፒ ማደል) የሚሰጠው አንድ ብቻ ይሁን፣ ሁሉም በአንድ ሰብኔት (የአድራሻ ክልል) ይሁኑ።

ከዚያ ድምፁን በ5 ጊጋኸርዝ ብቻ ያሂዱ፣ የቻናሉን ስፋት 20 ሜጋኸርዝ ያድርጉ፣ 802.11አርን (ከአንዱ አክሰስ ፖይንት ወደ ሌላው ፈጥኖ ማለፊያውን) ያብሩ። ሲግናሉ በየትኛውም መተላለፊያ ከ -67 ዲቢኤም (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ) እንዳይወርድ ሃንድሄልዱን ራሱን ይዘው ይለኩ፤ ያውም መደርደሪያው ዕቃ ሞልቶ ሳለ። በባዶ መጋዘን የተለካ ልክ ዕቃ ሲገባ አይሠራም፤ ብረቱና የታሸገ ፈሳሽ ሲግናሉን ይበሉታል። ደካማ ቦታ ሲያገኙ የአክሰስ ፖይንቱን ጉልበት ጥግ ድረስ መጨመር አያዋጣም። ሃንድሄልዱ ከሩቅ ይሰማውና ሙጭጭ ብሎ ይይዘዋል፣ የራሱ ደካማ ሲግናል ግን ወደዚያ አይደርስም። ጉልበቱን ከሃንድሄልዱ ጋር አቀራርበው አንድ አክሰስ ፖይንት ቢጨምሩ ይሻላል።

ዋይፋዩ ላይ ደብሊውኤምኤም (ለድምፅ ቅድሚያ የሚሰጠው) እንደበራ ይቆይ፣ የድምፅ ፓኬትም ዲኤስሲፒ 46 የሚባለውን የቅድሚያ ምልክት ይያዝ። ይህ ካልሆነ ሃያው ሃንድሄልድ የቆጠራ መረጃ በአንዴ ሲልክ የሚያወራው ሰው ድምፅ ከወረፋው ኋላ ይቆማል።