የሴሎች መጣበቅ ላይ ብሠራ ማን ይቀጥረኛል?

እህቴ፣ ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው፦ በሜዲካል ላቦራቶሪ ተመርቀሽ አዘዞ በአንድ የግል ክሊኒክ ሁለት ዓመት ሠርተሻል፤ አሁን ማስተርስ ልትጀምሪ ነው። መምህርሽ «የሴሎች መጣበቅና የእንቁልጢ (የኦቫሪ) ካንሰር ሥርጭት» የሚል ርዕስ ጠቁመውሻል። አጎትሽ ደግሞ «ይህ የፈረንጅ አገር ትምህርት ነው፣ እዚህ ማን ይቀጥርሻል?» ይላሉ።

አጎትሽ ግማሽ እውነት አላቸው። ሳይንሱን ስለምታውቂ ብቻ የሚቀጥርሽ የለም። የሚያስቀጥርሽ የእጅ ሙያው ነው፤ ስለዚህ ርዕሱን ወደ አንድ ፕሮቲንና ወደ አንድ ቴክኒክ አጥብቢው።

ሳይንሱ ግን ማራኪ ነው። ብዙዎቹ የሽፋን ሴሎች እርስ በርስ የሚያያዙት በዋናነት ኢ-ካድሄሪን በሚባል ፕሮቲን ነው፤ ከሥራቸው ካለው መሠረት ጋር የሚያያይዛቸው ደግሞ ኢንቴግሪን ነው። የእንቁልጢ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የደም ሥር አይጠብቅም፤ ተላቅቆ ሆድ ውስጥ በተጠራቀመው ውሃ ላይ ይንሳፈፍና ሞራው ላይ ሄዶ ይለጠፋል። ጤነኛ ሴል ከቦታው ሲነቀል ይሞታል፤ እነዚህ ግን ተቃቅፈው ድብልብል ይሠሩና ይተርፋሉ። ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሴል የተባሉት የካንሰር መድኃኒቶች ወደ ድብልብሉ መሃል በደንብ አይዘልቁም፤ መሃል ያሉት ሴሎችም ቶሎ ቶሎ ስለማይባዙ መድኃኒቱ ብዙ አይጎዳቸውም። የእንቁልጢ ካንሰርን ለመከታተል ከደም የሚለካው ሲኤ 125 ራሱ ከዚህ ወገን ነው፤ የሆድ ሽፋን ሴሎች ላይ ካለው ሜሶቴሊን ጋር ይጣበቃል።

አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ ተማሪ «ካንሰር ሲብስ ኢ-ካድሄሪን ይቀንሳል» ብሎ ይጀምራል። ለማህፀን በር ካንሰር ያስኬዳል። የእንቁልጢ ውጫዊ ሽፋን ግን ሲጀመርም ኢ-ካድሄሪን እምብዛም የለውም፤ ዕጢው ላይ ነው ብቅ የሚለው። ይህን ሳታውቂ ፕሮፖዛል ብታቀርቢ ፈታኙ እዚያው ያስቆምሻል። ሕክምናንም ቃል አትግቢ፤ ኢንቴግሪንን የሚያግደው ቮሎሲክሲማብ ለእንቁልጢ ካንሰር ተሞክሮ ውጤት አላመጣም። ኢፕካም የተባለውን ሌላ የማጣበቂያ ፕሮቲን የሚያነጣጥረው ካቱማክሶማብ ደግሞ በ2009 እ.ኤ.አ. አውሮፓ ውስጥ በካንሰር ምክንያት ለሚጠራቀም የሆድ ውሃ ተፈቅዶ በ2017 ከገበያ ወጥቶ ነበር፤ እንደገና የተፈቀደው በ2025 ነው።

ሴል ማሳደግ ውስጥ አትግቢ። ፈሳሽ ናይትሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሳይቋረጥ ይፈልጋል፤ ሴሎቹን ለማላቀቅ የምትጠቀሚበት ትሪፕሲንም ካልሲየም በሌለበት የምትለኪውን ኢ-ካድሄሪን ይቆርጠዋል። የፓራፊን ብሎክ (በሰም ውስጥ የተቀመጠ የታካሚ ናሙና) ላይ ኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ ሥሪ፤ ይህም ፕሮቲኑን በአንቲቦዲ ይዞ በቀለም የሚያሳይ ቴክኒክ ነው።

ቁርጦቹ 3 ወይም 4 ማይክሮን ሆነው ይቆረጡና ቻርጅ ባለው ስላይድ ላይ ይነሳሉ፤ ተራ ስላይድ ላይ ከሆነ ሲፈላ ይላቀቃሉ። አንቲጅኑን (አንቲቦዲው የሚይዘውን ፕሮቲን) በሙቀት የምትገልጪበት ደረጃ ላይ ነው ጎንደር የራሷን ችግር የምታመጣው። ፕሮቶኮሎች ከ95 እስከ 98 ዲግሪ ለ20 ደቂቃ ይላሉ፤ ከተማችን ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ሽንብራው የሚያስቸግርሽ በዚሁ ምክንያት ነው። በክፍት ድስት ወይም በዋተር ባዝ ብትቀቅይ ቀለሙ ይደበዝዝና ፕሮቲኑ የሌለ ይመስልሻል። በግፊት የሚያበስል ድስት ተጠቀሚ፤ ደቂቃውን ግን በሚታወቅ ፖዘቲቭ ቁርጥ ሞክረሽ ወስኚ።

የአንቲቦዲ ሂሳቡ ቀላል ነው። 0.1 ሚሊ ሊትር ኮንሰንትሬት 1 ለ100 ሲበረዝ 10 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ለአንድ ስላይድ 100 ማይክሮ ሊትር ብትይ 100 ስላይድ ነው፤ ኮንትሮልና ድጋሚ ሲቀነስ 70 ታካሚ ይዘሽ ተነሺ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጥ፤ መብራት በሚጠፋበት ቀን ፍሪጁን አትክፈቺ።

ስታነቢ ቡናማው ቀለም የሴሉን ጠርዝ እንደ መረብ ከቦ መታየት አለበት። ሴሉ ውስጥ የተበተነውን እንደ ጠርዝ አትቁጠሪ። ሁለት ፓቶሎጂስቶች ሳይነጋገሩ ያንብቡልሽ። ቀለሙ ከብሎክ ብሎክ ከተለያየ መጀመሪያ ፎርማሊኑን ጠርጥሪ፦ 10 በመቶ በፈር ያለው መሆን፣ ከናሙናው ቢያንስ አሥር እጥፍ መብዛት፣ ናሙናውም ከ6 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ መቆየት ነበረበት። ትልቅ ዕጢ ሳይሰነጠቅ ከተዘፈዘፈ መሃሉ ይበሰብሳል።

ወደ አጎትሽ ጥያቄ ስንመለስ፣ ይኸው እጅ ነው ለጡት ካንሰር የኢስትሮጅን ሪሴፕተርና የኸር2 ምርመራ የሚያስፈልገው፤ ታሞክሲፈን መስጠት አለመስጠት የሚወሰነው በኢስትሮጅን ሪሴፕተሩ ስላይድ ነው። የፓቶሎጂ ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎችና የግል ላቦራቶሪዎች፣ አዲስ አበባ ላይም እንደ አርማወር ሀንሰን ያሉ የምርምር ተቋማት ስትጠይቂ ይህን በሲቪሽ የመጀመሪያ መስመር ላይ ጻፊው፤ «የሴል መጣበቅ» የሚለው ከሥር ይምጣ።

በዚህ ሳምንት መምህርሽን ይዘሽ ሆስፒታሉ ፓቶሎጂ ክፍል ግቢና ያለፉትን አምስት ዓመታት መዝገብ ለመቁጠር ፈቃድ ጠይቂ። የእንቁልጢ ብሎክ 70 ካልሞላ ወደ ማህፀን በር ዙሪ፤ በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ቀጥሎ የሚበዛው እሱ ነው፣ ዕጢው አጠገብ ያለው ጤነኛ ሽፋንም ነፃ ኮንትሮል ይሆንልሻል።