ደሴ ላይ ሱቅ ልክፈት ወይስ ፋይበር ልግባ?

ጥያቄ፦ «ኮምቦልቻ በሀርድዌርና ኔትወርክ ሰርቪስ ሌቭል 4 ጨርሼ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) አልፌያለሁ። አባቴ ደሴ ፒያሳ ሱቅ ተከራይቼልሽ የኦንላይን አገልግሎት ስጪ ይለኛል። እኔ የፋይበር ኢንተርኔት ዝርጋታና ጥገና ሥራ እፈልጋለሁ፤ ሰዉ ግን የወንድ ሥራ ነው ይላል።»

እህቴ፣ አብሽሪ።

ፎርም መሙላትና ፕሪንት የዕለት ወጪ ይሸፍናል፤ የሚደራው ግን በምዝገባና በፈተና ውጤት ሰሞን ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ክፍያውንም ሰው በስልኩ ይጨርሳል። ኪራዩ ደግሞ መብራት ጠፋ ብሎ አይቀርም። ስለዚህ ፋይበሩን እመርጥልሻለሁ፤ ብቻ ኬብል ጎታች ሆነሽ እንዳትቀሪ። ጎታች ሞልቷል፤ የጠፋው ብልሽት ፈላጊ ነው።

ለምሳሌ ደንበኛ ቤት የሞደሙ «ሎስ» (ሲግናል ጠፍቷል የሚለው) መብራት ቀይ ሆነ እንበል። ጀማሪ ሞደም ይቀይራል። አንቺ ፓወር ሜትሩን (የብርሃን ኃይል መለኪያውን) 1490 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ላይ አድርገሽ የገመዱን ጫፍ ለኪ። ከማዕከሉ የሚወጣው የብርሃን ኃይል +3 ዲቢኤም ቢሆን፣ ለ64 ቤት የሚያካፍለው ስፕሊተር 20 ዲቢ ገደማ ይበላል፤ 8 ኪሎ ሜትር ፋይበር 2፣ ስፕላይሱና (የፋይበር ብየዳውና) ኮኔክተሩ (መሰኪያው) ሌላ 2። −21 አካባቢ ማንበብ አለብሽ። −30 ካየሽ ችግሩ መስመሩ ላይ ነው፤ ሞደሙን ተይው።

መጀመሪያ ኮኔክተሩን አጽጂ፤ ብዙው ቅሬታ እዚያው ያልቃል። ቀጥሎ ቀለሙን እዪ፦ የአረንጓዴው ጫፍ በ8 ዲግሪ ሰያፍ ስለሆነ ከሰማያዊ ጋር ሲሰካ ፊት ለፊት አይገጥምም፣ ብርሃኑ ይባክናል። የብርሃን ምንጭ ካለሽ ደግሞ በ1310 ናኖሜትር ደህና ሆኖ በ1550 ክፉኛ የሚወርድ መስመር የሆነ ቦታ ታጥፏል ማለት ነው፤ የበር ሥርና የሚስማር ማሰሪያ ፈትሺ።

ደሴ ላይ ክረምት መሬቱ ሲንሸራተት ወይም መንገድ ሲቆፈር ዋናው ገመድ ከተቆረጠ ኦቲዲአር የሚባለው መሣሪያ ብርሃን ልኮ እስከ ቁርጡ ያለውን ርቀት ይነግርሻል። ልብ በይ፣ 1,240 ሜትር ካለ የፋይበሩ ርዝመት ነው። በየማንሆሉ የተጠቀለለ ትርፍ ስላለ በመንገድ ሲለካ ያንሳል። ይህን ትርፍ ያልቀነሰ ቡድን ቁርጡን አልፎ ይቆፍራል።

ስፕላይሰር (የፋይበር መበየጃ ማሽን) አትግዢ፣ ውድ ነው፤ ኮንትራክተሮች አላቸው። ፓወር ሜትርና ቀይ ሌዘር ብዕር ይበቃሻል። ቁራጭ ኬብል ለምነሽ መላጥና መቁረጥ ተለማመጂ። የፋይበሩ መስታወት ውፍረት 125 ማይክሮን ነው፤ ስብርባሪው ቆዳ ውስጥ ይገባል፣ መነጽር አድርጊ፣ ቁራጩን ጠርሙስ ውስጥ ክተቺ። ስፕላይሱ በተደጋጋሚ ከ0.1 ዲቢ ካለፈ ማሽኑን ከመውቀስሽ በፊት የክሊቨሩን (የፋይበር መቁረጫውን) ምላጭ እዪ። ይህ ሥራ ጉልበት ሳይሆን የረጋ እጅ ነው የሚፈልገው፤ «የወንድ ነው» ለሚሉሽ ይህንኑ ንገሪያቸው።

ማመልከቻሽን ለዝርጋታ ኮንትራክተሮች ብቻ አትስጪ። ለባንኮች የደሴ ዲስትሪክትና ለኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፋብሪካዎችም አስገቢ። ለቃለ መጠይቅ ስትሄጂ በልምምድ የለካሽውን ቁጥር በአንድ ገጽ ጽፈሽ ያዢ። ምሰሶ የሚያስወጣ ሥራ ከሆነ ደግሞ ከመፈረምሽ በፊት የአደጋ ኢንሹራንስና የደህንነት ቀበቶ መኖሩን ጠይቂ።