ቃኚ መንኮራኩር መሥራት የምትፈልጉ፣ ጠይቁኝ

ስፔስ ኢንጂነርስ የሚባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ላይ ያጠፋሁትን ሰዓት ባለቤቴ ባትሰማ ይሻላል። ከሠራኋቸው ሁሉ የምወዳት ትንሿን ቃኚ ነው። ወጣ ብላ አካባቢውን አይታ የምትመለስ፣ ብትሰበር የማታስለቅስ። ያልገባችሁን ወዲህ በሉ።

ጥያቄ፦ በትልቁ ግሪድ ልሥራት በትንሹ?

በትንሹ። ግሪድ ማለት የመገንቢያ ብሎኮቹ ልክ ነው፤ የትልቁ ግሪድ አንድ ብሎክ ጎኑ 2.5 ሜትር ነው፣ የትንሹ 0.5። አንዱ ትልቅ ብሎክ በሚይዘው ቦታ 125 ትንንሾች ይገባሉ።

ጥያቄ፦ በጣም ፈጣን እንድትሆን ከኋላ ስንት ትረስተር (የሚገፋ ሞተር) ልደርድር?

ወንድሜ፣ እንደ ጀማሪ እኔ ነው የምታስበው። ጨዋታው ራሱ ፍጥነትህን በሰከንድ 100 ሜትር ላይ ይገታዋል። አሥር ብትደረድር ቶሎ ትደርስበታለህ እንጂ አታልፈውም። ይልቅ ፍሬኑን አስብ፤ ማለትም እሳታቸውን ወደፊት የሚተፉትን። መንኮራኩርህ 10,000 ኪሎ ናት እንበል። ትንሹ አዮን ትረስተር (በኤሌክትሪክ የሚሠራው) 14.4 ኪሎ ኒውተን ይገፋል። አራት ከገጠምክ ከ100 ተነስተህ ለመቆም 17 ሰከንድና 870 ሜትር ገደማ ይፈጅብሃል። በሁለት ርቀቱ እጥፍ ነው። የእኔ የመጀመሪያዋ አንድ ብቻ ነበራት፤ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል መሆኑ ነው! በረዶ ያለው አስትሮይድ አየሁና ደስ አለኝ። ፍሬን ያዝኩ። አስትሮይዱ ግን መምጣቱን አላቆመም። ከመንኮራኩሯ የተረፈው አንድ ባትሪ ነው።

ጥያቄ፦ የእኔዋ ከፕላኔት ላይ አልነሳም አለች። ጠፈር ላይ ግን ጥሩ ትበር ነበር።

እህቴ፣ አዮን ብቻ ነው የገጠምሽው መሰለኝ። አየር ውስጥ አቅሙ ይከዳዋል። ለአየር አትሞስፌሪክ ትረስተር አለ፤ እሱ ደግሞ ጠፈር ላይ ጭራሽ አይሠራም። ትንሹ 96 ኪሎ ኒውተን ያነሳል። መሬት በምትመስለው ፕላኔት ላይ 10,000 ኪሎ ለማንሳት ግን 98 ያስፈልጋል። በአንዱ ለጥቂት ትቀሪያለሽ! ከፍ ስትዪ አየሩ ስለሚሳሳ ሦስት ብታደርጊ ይሻላል። ሃይድሮጅን ሁለቱም ጋ ይሠራል፤ ግን ነዳጅ ይፈልጋል፣ ነዳጅ ታንክ ይፈልጋል፣ ታንክ ደግሞ ክብደት ነው። እኔ አንዷን ከማጨናነቅ ሁለት መንኮራኩር እሠራለሁ።

ጥያቄ፦ ትረስተሩ የራሴን ብሎክ አቀለጠብኝ፤ ችግሩ ከምንድን ነው?

ከእሳቱ። ከትረስተሩ አፍ ፊት ለፊት ምንም አታስቀምጥ።

ጥያቄ፦ አንቴና ግድ ነው?

ለቃኚ አዎ፤ ግን በልክ። የትንሹ ግሪድ አንቴና እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ችግሩ ክልሉ ውስጥ ያለ ሌላ ተጫዋችም ምልክትህን ያያል። እኔ ስወጣ ስርጭቱን አጠፋለሁ፤ ለመመለሻ የቤቴን ጂፒኤስ ነጥብ አስቀድሜ እመዘግባለሁ። አንድ ቀን ረስቼው ሁለት ሰው ተከትሎኝ እስከ ቤቴ መጣ። ቡና የሚጠጡ አልነበሩም።

ጥያቄ፦ መሣሪያስ?

ተወው። ከታየህ ሩጥ።

ጥያቄ፦ ማዕድን መፈለጊያውን ገጥሜያለሁ፤ ምንም አያሳይም። ተበላሽቷል?

አልተበላሸም። የትንሹ ግሪድ መፈለጊያ 50 ሜትር ብቻ ነው የሚያየው። ድንጋዩን ልትስመው እስክትደርስ መጠጋት አለብህ። ስለ ፍሬኑ ያልኩትን ያነበብከው ይመስለኛል?