ጥርት ያለ የጉድጓድ ውሃና አርሰኒክ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ከጎረቤቶቻችን ጋር ገንዘብ አዋጥተን ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍረናል። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ነገር ግን ወንድሜ የጉድጓድ ውሃ አርሰኒክ የሚባል መርዝ ሊኖርበት እንደሚችል ሰምቶ ነገረኝና ሥጋት ገባኝ። ብናፈላው ይለቀዋል? የምንጋግረው እንጀራስ ጤፍና የፎገራ ሩዝ የተቀላቀለበት መሆኑ ያሰጋል? ጡት የምትጠባ የስምንት ወር ልጅም አለችኝ።

መልስ፦ ማፍላት አርሰኒክን አያስወግድም። ማፍላትም ሆነ ውሃ አጋር የተባለው የውሃ ማከሚያ ክሎሪን የሚገድሉት ጀርሞችን ነው፤ አርሰኒክ ግን ከድንጋይና ከአፈር እየሟሟ ወደ ውሃ የሚገባ ንጥረ ነገር በመሆኑ በሙቀት አይጠፋም፤ እንዲያውም ሽሮው እስኪወፍር ድረስ ሲንተከተክ የሚተነው ውሃው ብቻ ስለሆነ አርሰኒኩ በድስቱ ውስጥ ይቀራል። ቀለም፣ ሽታና ጣዕም ስለሌለውም የውሃው መጥራት ማረጋገጫ ሊሆንዎ አይችልም።

ለዚህ አሳዛኙ ምስክር ባንግላዴሽ ናት። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሕዝቡ ከኩሬና ከወንዝ ውሃ ከሚመጣ የተቅማጥ በሽታ እንዲድን በሚል ቀና ሐሳብ በርካታ የእጅ ፓምፕ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ ስለ አርሰኒክ ግን አልተመረመሩም ነበርና በ1993 በጉድጓዶቹ ውሃ ውስጥ መኖሩ ሲታወቅ ሚሊዮኖች ለዓመታት ጠጥተውታል። ከዚያ በኋላ ጉድጓዶቹ አንድ በአንድ እየተመረመሩ አደገኛው ቀይ፣ ደኅናው አረንጓዴ ቀለም ይቀባ ጀመር፤ ምክንያቱም ተጎራባች የሆኑ ሁለት ጉድጓዶች እንኳ ፈጽሞ የተለያየ ውጤት ሊያሳዩ ይችላሉ። ስለዚህ የጎረቤት ጉድጓድ ውጤት ለእርስዎ ጉድጓድ አይሠራም።

በአገራችን ከፍ ያለ የአርሰኒክ መጠን፣ ብዙ ጊዜም ከፍሎራይድ ጋር፣ የተገኘው በስምጥ ሸለቆ በሚገኙ አንዳንድ ጉድጓዶች ነው። ጎንደር ከስምጥ ሸለቆው ውጭ ባለ ከፍተኛ ቦታ ላይ መሆኗ ሥጋትዎን ያቀልልዎታል፤ ምርመራውን ግን አያስቀርም። ከከተማው የውሃና ፍሳሽ አገልግሎት ወይም ከጤና ባለሙያዎች ምርመራው የት እንደሚደረግ ሲጠይቁ አርሰኒክን በስሙ ይጥቀሱ፤ የተለመደው የጀርም ምርመራ አያሳየውምና። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ልክ በአንድ ሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። ከዚህ በእጅጉ የበለጠ ውሃ ለዓመታት ሲጠጣ የቆዳ ቀለም ይዥጎረጎራል፣ መዳፍና የውስጥ እግር ይሻክራል፣ እየቆየም የቆዳ፣ የፊኛና የሳንባ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል። ጉዳቱ ቀስ ብሎ የሚመጣ በመሆኑ ሰው ታሞ እስኪታይ መጠበቅ አይገባም።

ሩዝ ውሃ በተኛበት ማሳ ላይ ሲበቅል ከሌሎች እህሎች የበለጠ አርሰኒክ የመሳብ ባሕርይ አለው፤ በዚያ መሬት ውስጥ አየር ስለሚያጥር ከብረት ጋር ተጣብቆ የነበረው አርሰኒክ ይለቀቃልና። ይህ ብቻውን ግን የፎገራ ሩዝ ተበክሏል ማለት አይደለም። ሩዙ በብዙ ውሃ ተቀቅሎ ውሃው ከተደፋ መጠኑ ይቀንሳል፤ ዱቄቱ ለእንጀራ ሲቦካ ግን ይህ ስለማይቻል ጤፉን ማብዛት ይበጃል። ከዚህ ይልቅ ትኩረትዎን ሊስበው የሚገባው ውሃው ነው፤ ሊጡም፣ ወጡም፣ ቡናውም በእርሱ ይሠራልና። ለልጅዎ ገንፎ ሩዝን ብቻ አይጠቀሙ፤ ከአጃ፣ ከስንዴና ከገብስ እያፈራረቁ ያብሉ። ጡት ማጥባቱንም አያቋርጡ፤ በእናት ወተት የሚያልፈው አርሰኒክ እጅግ ጥቂት ነው።

ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ በፈረቃ የምታገኙትን የቧንቧ ውሃ ለመጠጥ፣ ለምግብና ለሊጥ ያስቀምጡት፤ በቆዳ በኩል የሚገባው አርሰኒክ እጅግ አነስተኛ በመሆኑ የጉድጓዱን ለገላና ለልብስ መጠቀም ይችላሉ። በሥጋት ወደ ወንዝ ውሃ ግን አይመለሱ፤ በዚያ ያለው ጀርም ሕፃንን በቀናት ውስጥ ሊጎዳ ይችላል።