«ፊልሙን አይቻለሁ፣ መጽሐፉን ላንብበው ወይስ ይቅርብኝ?» ላልከው የቡሬ ልጅ

ጥያቄህን አየሁት። ከቶልኪን ልብ ወለድ የተሠሩትን የሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ ሦስቱንም ፊልሞች ደጋግመህ እንዳየህ ጽፈሃል። መጽሐፉን ማንበብ ይጠቅማል ወይስ ጊዜ ማባከን ነው ብለህ ጠየቅህ፤ እንግሊዝኛህም መካከለኛ እንደሆነ ነገርከን። ከስር የመጡትን መልሶችም አየኋቸው። ግማሹ «መጽሐፍ ሁሌም ይበልጣል» ብሎ አለፈ። ግማሹ «በዚህ ዘመን ማን ሺህ ገጽ ያነባል» ብሎ ሳቀ። አንዱም አልረዳህም። እኔ በዚሁ መንገድ ያለፍኩ የዳንግላ ሰው ነኝ፤ ስልክ ላይ ፊልም አይቼ፣ መብራት ሲጠፋ በሻማ መጽሐፍ ያነበብኩ። አንተም ከዚህ የተለየህ አትመስለኝም።

አንብበው። እንዴት እንደምታነበው ልንገርህ።

1. የመጀመሪያውን ቅጽ ስትከፍት ከታሪኩ በፊት ረጅም መግቢያ ታገኛለህ። ስለ ሆቢቶች፣ ማለትም ስለ ታሪኩ ቁመተ አጭር ሰዎች ዘር፣ ስለ አስተዳደራቸው፣ ስለሚያጨሱት ትምባሆ ሳይቀር ይተነትናል። ብዙ ሰው እዚያው ነው የሚሸነፈው። ዝለለው፤ መጽሐፉን ስትጨርስ ተመልሰህ ብታነበው ይጥምሃል። ሆቢቱ ቢልቦ 111ኛ ልደቱን ከሚያከብርበት ድግስ ጀምር። ፊልሙ ላይ ከድግሱ በኋላ ወራሹ ፍሮዶ ብዙም ሳይቆይ ለመንገድ የሚነሣ ይመስላል። መጽሐፉ ላይ ግን ያ ክፉ ኃይል ያለው ቀለበት ከቢልቦ እጁ ከገባ በኋላ 17 ዓመት ቤቱ ይቀመጣል። ለመንገድ ሲነሣ 50 ዓመት ሞልቶታል። ያ ፊልሙ ላይ የምታውቀው ልጅ እግር ፍሮዶ የለም ማለት ነው። ይህን ገና ከጅምሩ ልብ በል፣ ምክንያቱም የፊልም ፊት አንዴ ጭንቅላት ውስጥ ከገባ በቀላሉ አይወጣም።

አባቴ ፍቅር እስከ መቃብርን መጀመሪያ ያወቀው በሬዲዮ ነው፣ ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው። መጽሐፉን ገዝቶ ያነበበው በኋላ ነው። ዛሬም ጉዱ ካሳ ሲናገር የሚሰማው በወጋየሁ ድምፅ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ የእኛው የጎጃም ሰው ሆኖ፣ አነጋገሩ የጎረቤታችን ሆኖ እንኳ የተራኪው ድምፅ አሸነፈ። አባቴ በዚህ ቅር አይለውም፣ እኔም አይለኝም። ወጋየሁ መጽሐፉን እያነበበ ነውና የተረከው። የፊልሞቹ ዳይሬክተር ፒተር ጃክሰን ግን ቆርጧል፣ ጨምሯል፣ ከአንዱ ቦታ አንሥቶ ሌላ ቦታ ተክሏል። ይህ ወደ ሁለተኛው ይወስደኛል።

2. ቅጽ አትዝለል። መጽሐፉ በ1954 እና በ1955 በሦስት ቅጽ ወጣ። ፊልሞቹም ሦስት ናቸው፤ 2001፣ 2002 እና 2003። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) ስለዚህ ሰው አንድ ቅጽ ለአንድ ፊልም ይመስለዋል። እንዳልሆነ ያሳየኝ አንድ ቤተ መጻሕፍት ነው። ስሙን አልጠራም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል።

አንደኛውን ቅጽ እዚያው ተቀምጬ ጨረስኩ። ሁለተኛውን ስጠይቅ ሠራተኛዋ ስልኳን ከጆሮዋ ሳታነሣ በአገጯ ወደ አንድ ባለ መስታወት ቁም ሣጥን አመለከተችኝ። መጽሐፉ ይታየኛል! ጀርባው ላይ ያለውን ርዕስ ቆሜ አነበዋለሁ። «ክፈቺልኛ» አልኳት። ቁልፉ ሰውዬው ጋ ነው። ሰውዬውስ? ስልጠና ሄዷል። መቼ ይመለሳል? «እኔ ምን አውቄ።» ሌላ ጊዜ ስሄድ ሰውዬው አለ፤ ግን መጽሐፉ በስጦታ የመጣ ስለሆነ ያለ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አይወጣም አለኝ። ደብዳቤ አመጣሁ። ዋስ አምጣ አለኝ። ለልብ ወለድ ዋስ! ብድር የጠየቅኩ ነው የሚመስለው። የሥራ ባልደረባዬን ለምኜ ይዤ ስመጣ ደግሞ ማኅተሙ ደብዝዟል ተባለ። ሰውዬው ማኅተሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አድርጎ አገላብጦ ሲያየው፣ የመሬት ካርታ የሚመረምር ዳኛ ነው የሚመስለው። በመጨረሻ ሠራተኛዋ ሰለቻት መሰለኝ «ኧረ ፊልሙ አለ አይደል እንዴ? እሱን አይተህ ሦስተኛውን ውሰድ፣ እሱ ክፍት መደርደሪያ ላይ ነው» አለችኝ።

ሦስተኛውን ወሰድኩ። ጠንቋዩ ጋንዳልፍና ሆቢቱ ፒፒን በፈረስ ይጋልባሉ፣ ጥሩ። ፍሮዶና የመንገድ ጓደኛው ሳም ግን የሉም። እገልጣለሁ፣ የሉም። የታሪኩ ግማሽ ካለፈ በኋላ ብቅ ሲሉ ፍሮዶ ግንብ ውስጥ ታስሯል፣ ሳም ብቻውን ደጅ ቆሟል። ማን አሠረው? ያቺ ሸረሪት፣ ሼሎብ፣ የት ሄደች? ፊልሙ ላይ በሦስተኛው ክፍል ነው ያለችው። መጽሐፉ ላይ የሁለተኛው ቅጽ መዝጊያ ናት። ማለትም እኔ ስፈልጋት እሷ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎባታል።

ከዚህ የባሰው የጦር መሪው ፋራሚር ነው። ፊልሙ ላይ ፍሮዶንና ሳምን አስሮ ቀለበቱን ለአባቱ ሊያስረክብ ኦስጊሊያት ከተማ ድረስ ይወስዳቸዋል፤ የሚለቃቸው በመጨረሻ ነው። ይህን ይዤ ሦስተኛውን ሳነብ ሰው ሁሉ ለምን እንደሚወደው አልገባህ አለኝ። ለካ መጽሐፉ ላይ ቀለበቱ መንገድ ላይ ወድቆ ቢያገኘው እንኳ እንደማያነሣው ተናግሮ፣ አብልቶ፣ ስንቅ ሰጥቶ ነው የሸኛቸው። ሌላ ሰው ነው! ሁለተኛውን ቅጽ በኋላ የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ፣ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ገዝቶ ላከልኝ። ያን ጊዜ ሦስተኛውን እንደ ገና ከመጀመሪያው አነበብኩት። የዚያ ቤተ መጻሕፍት ሰዎች አንባቢ ሲያዩ ለምን ሌባ እንደሚመስላቸው እስካሁን አልገባኝም።

እንግሊዝኛህን በተመለከተ አትፍራ። በቀጥታ ወደ ትልቁ አትግባ እንጂ። በ1900 የወጣውን የኦዝን ጠንቋይ ሞክር። የቅጂ መብቱ ስላለፈበት ፕሮጀክት ጉተንበርግ ከሚባለው ድረ ገጽ በነጻና በሕጋዊ መንገድ ይወርዳል፣ እንግሊዝኛውም ቀላል ነው። የ1939ኙን ፊልም ካየህ ደግሞ ትደነቃለህ። ዶሮቲ የምትጫማው ቀይ ጫማ መጽሐፉ ላይ ብር ነው፤ ለቀለም ፊልም እንዲደምቅ ብለው ነው የቀየሩት። ፊልሙ ነገሩን ሁሉ ሕልም ያደርገዋል፣ መጽሐፉ ላይ ግን አገሩ የምር አለ። ከዚያ የቶልኪንን ዘ ሆቢት አንብብ። እሱ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ነው፤ ወደ ስምንት ሰዓት የሚጠጋ ሦስት ፊልም ያደረጉት ለምን እንደሆነ ገንዘብ ቤቱ ያውቃል። ፊልሙ ላይ ያለው ቀስተኛው ሌጎላስ መጽሐፉ ውስጥ የለም። ያቺ ድንኩ የሚያፈቅራት ቆንጆ ኤልፍማ ጭራሽ ቶልኪን የማያውቃት ናት።

ግጥሞቹን ዝለል የሚልህ ይኖራል። መጽሐፉ በግጥም የተሞላ ነው፣ ፊልሙ አብዛኛውን ጥሎታል። እኔ ግን የቅኔ ቤቶቹ ዲማና ዋሸራ ባሉበት አገር የተወለደን ሰው ግጥም ዝለል ለማለት አፌ እሺ አይለኝም። ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብባቸው።

ፊልሙ የሚበልጥበትም አለ። ይህን የማይቀበል አንባቢ ጉረኛ ነው። ከፍሮዶ የጉዞ ጓዶች አንዱ፣ ቦሮሚር፣ የሚሞትበትን ውጊያ መጽሐፉ ላይ አታየውም፤ ጓዱ አራጎርን ሲደርስ በቀስት ተወጋግቶ ዛፍ ተደግፎ ነው የሚያገኘው። ፊልሙ እዚያው ፊቱ ያቆምሃል። ለእርዳታ ጥሪ በየተራራው የሚለኮሱት የምልክት እሳቶችም እንደዚያው። መጽሐፉ ላይ ፒፒን ፈረስ ላይ ሆኖ በሌሊት ያያቸዋል፣ ያልፋሉ። ፊልሙ ላይ ከጫፍ ጫፍ ሲቀጣጠሉ ጮቄን የሚያውቅ ሰው ቁጭ ብሎ ማየት አይችልም። ሦስተኛው ፊልም በ11 ዘርፍ ለኦስካር ታጭቶ 11ዱንም የወሰደው በከንቱ አይደለም።

ሦስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፣ ግን ይህ ምክር አይደለም። መጽሐፉን አንብበው ያልኩህ በዚህ ምክንያት ነው።

ጦርነቱ ያልቃል፣ ንጉሡ ይነግሣል፣ አራቱ ሆቢቶች ወደ አገራቸው ወደ ሻየር ይመለሳሉ። ፊልሙ ላይ አገሩ እንደተዉት ነው። ሣሩ ለምለም፣ መጠጥ ቤቱ ሞቅ ያለ። አራቱ ጥግ ይዘው ዝም ብለው ይጠጣሉ፣ ምን እንዳዩ የሚያውቅ የለም። ጥሩ ነው፣ አልክድም። መጽሐፉ ላይ ግን መሽቶ ሲደርሱ ድልድዩ ላይ በር ተሠርቶ ተቆልፏል። ከውስጥ ያሉት የገዛ አገራቸው ልጆች ናቸው፣ በሌሊት ማስገባት ክልክል ነው ይሏቸዋል። ግድግዳው ላይ የደንብ ዝርዝር ተለጥፏል። መጠጥ ቤቶች ተዘግተዋል። እህሉን ሰብሳቢ የተባሉ ሰዎች እየቆጠሩ ይወስዱታል፣ ለባለቤቱ ተመልሶ ሲመጣ አይታይም። ዛፉ በከንቱ ተቆርጦ ወድቋል። የቢልቦ ድግስ የተደገሰበት ትልቁ ዛፍ ሳይቀር! ሳም ያንን ሲያይ ያለቅሳል። የሰፈርህ ሰው ሽምግልና የሚቀመጥበት ዋርካ ተገንድሶ ብታገኘው ምን እንደምትሆን አስበው።

ከዚያ ገበሬው ተጠራርቶ ይነሣል። 19 ሆቢቶች ይሞታሉ፣ ከወሮበሎቹ ወደ 70። ፍሮዶ ሰይፍ አይመዝም፤ እጅ የሰጡት እንዳይገደሉ ሲከለክል ነው የሚውለው። ከዚህ ሁሉ ጀርባ ያለው ከሃዲው ጠንቋይ ሳሩማን ነው። ሲኒማ ቤት በታየው ሦስተኛ ፊልም ጭራሽ የማይታየው ሳሩማን፣ መጽሐፉ ላይ በፍሮዶ ቤት ደጃፍ፣ በራሱ አሽከር ቢላ ታርዶ ይሞታል። በመጀመሪያው ፊልም የኤልፎቹ እመቤት ጋላድሪኤል ለፍሮዶ ውሃ ውስጥ ስታሳየው ሻየር ስትቃጠል ለአፍታ አይተሃል አይደል? ፊልሙ ያንን ማስፈራሪያ አድርጎ ተወው። ከሄደበት ሲመለስ ቀዬው እንደነበረ የጠበቀው ሰው ግን እኔ አላውቅም።

ይህን ከወደድከው ቀጥለህ በ1968 የወጣውን የኡርሱላ ለ ጉዊንን የኤርዝሲ መጽሐፍ ፈልግ። ጀግናው ጌድ ጠይም ነው፣ ጓደኛው ቬች ደግሞ ጥቁር። በ2004 ለቴሌቪዥን ሲሠሩት ጌድን ነጭ አደረጉት፣ ደራሲዋም በአደባባይ ተቃወመች። ያንን ፊልም አትድከምበት።

መጽሐፎቹን ካጣህ ባሕር ዳር ስትመጣ ጻፍልኝ። ሦስቱም ቅጾች አሉኝ። አንደኛውንና ሦስተኛውን ይዘህ መሄድ ትችላለህ። ሁለተኛውን ግን ከቤት አላስወጣም፤ ቁጭ ብለህ ታነበዋለህ፣ ቡናው በእኔ ነው።